የዳማ ገጣባ፦ ድልዳል በመደረብ ያልዳነ ቁስል

ለምን ጻፍኩት

ኮምቦልቻ ውስጥ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ። ገጣባ ያለበት የጋሪ ፈረስ ሳላይ የማልፈው ሳምንት የለም። ይህን አንዱን ለይቼ የምጽፈው ድልዳሉ ሦስት ጊዜ ተቀይሮ ሁለቴ ስለባሰበት ነው። ከሁለቱ ስህተቶች አንዱ የእኔ ነበር።

ድልዳል የምለው ከኮርቻው ሥር፣ በቆዳውና በእንጨቱ መሀል የሚገባውን ለስላሳ ነገር ነው። የሰዎቹን ስም አልጠቅስም። ፈረሱን ግን ባለቤቱ በመልኩ ዳማ ስለሚለው እኔም ዳማ እለዋለሁ። ዳማ የሚባል ፈረስ በየሰፈሩ ስላለ ማንንም አያጋልጥም።

ቦታውና ሥራው

ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት። ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቁልቁል፣ 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ትገኛለች። በመሀላቸው ያለውን የሐረጎ ዳገት ወርደው ቦርከና ሜዳ ሲገቡ አየሩም መሬቱም ይለወጣል። የደሴ ዳገት ለጋሪ አይመችም። ኮምቦልቻ ግን ሜዳ ስለሆነች ጋሪ ይሠራባታል። ሙቀቱ ደግሞ ፈረሱን ቶሎ ያልበዋል።

ባጃጅ ከመጣ ወዲህ ሰው በጋሪ መሄድ ትቷል ማለት ይቻላል። ለጋሪ የቀረለት ዕቃ ነው፦ ሲሚንቶ፣ ዱቄት፣ ብሎኬት፣ አጣና። የዳማ ባለቤትም ጋሪውን ሲገዛ የሰው ጋሪ ነበር። መቀመጫው ልክ በጎማዎቹ አናት ላይ ተሠርቷል። ኋላ ላይ መቀመጫውን ነቀለው። ብዙ ዕቃ እንዲይዝለት ወለሉን በጣውላ ወደ ፊት አስረዘመው። ይህን ነገር መጀመሪያ ስሰማው ምንም አልመሰለኝም። መላው ጉዳይ ያለው ግን እዚያ ጣውላ ላይ ነበር።

ዳማ ትንሽ ፈረስ ነው። ጫንቃው ላይ ስለካው 1 ሜትር ከ28 ሆነ። ለአገራችን ፈረስ ይህ የተለመደ ቁመት ነው።

ችግሩ

በ2017 ዓ.ም. ጥር መጀመሪያ ላይ ባለቤቱ ጠዋት መጣ። ሠላሳዎቹን ያልዘለለ፣ ትሑት ሰው ነው። «ዶክተር፣ ድልዳሉ ሳስቶበት ነው መሰለኝ ቆሰለ። ወፍራም ላርግለት ብዬ ነው፤ እስቲ ይዩልኝ» አለኝ። ዶክተር አይደለሁም፤ ሰፈሩ ግን እንዲያ ነው የሚጠራኝ።

ቁስሉ ሁለት ቦታ ነበር። አንዱ ከጫንቃው ትንሽ ወደ ኋላ፣ ልክ አከርካሪው ላይ ነው። የቡና ስኒ አፍ ያህላል። በላዩ የተቃጠለ ዘይት ተቀብቷል። ሁለተኛው ደረቱ ላይ በስተቀኝ በኩል ነው። እሱ ገና አልተከፈተም። ፀጉሩ ግን ተልጦ ቆዳው ሮዝ ሆኗል።

በጀርባው ቁስል ዙሪያ ነጫጭ ፀጉር በቅሏል። ዳማ ሲወለድ እዚያ ቦታ ላይ ነጭ አልነበረውም። ቆዳው ለረጅም ጊዜ ሲጫን የፀጉሩ ሥር ይጎዳል፤ ከዚያ በኋላ የሚበቅለው ፀጉር ነጭ ይሆናል። ስለዚህ ይህ ያለፈው ሳምንት ነገር አልነበረም። ቢያንስ አንድ ጊዜ ድኖ እንደገና የተመለሰ ገጣባ ነው።

ድልዳሉን አየሁት። በማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ጨርቃ ጨርቅ ታጭቆ የተሰፋ ነው። የከረጢቱ ስፌት እንደ ገመድ ቆሟል። መሀል ለመሀል ስለሚያልፍ ፈረሱ ላይ ሲደረግ አከርካሪው ላይ ይተኛል። የደረቱ ቀበቶ ከመኪና ጎማ የተቆረጠ፣ ሦስት ጣት የማይሞላ ስፋት ያለው ነው። ጠርዙን በእጄ ስዳስሰው ይቆርጣል።

የመጀመሪያው ሙከራ፦ ስፖንጅ

ባለቤቱ ምክሬን ሰምቶ ሳይጨርስ ወደ ፍራሽ ቤት ሄዶ 8 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ስፖንጅ ገዝቶ ነበር። ከልቡ ነው ያደረገው። በዚያ ሳምንት የራሱን ጫማ ሊገዛ ያሰበውን ብር ነው ያወጣበት።

ሁለት ቀን ጥሩ መሰለ። በአራተኛው ቀን ቁስሉ ሰፋ፤ ጎኑም አበጠ። ስፖንጁን መሬት ላይ አድርጌ በጡጫዬ ተጫንኩት። ምንም ሳይታገል ወለሉ ተሰማኝ። ለሰው ገላ ፍራሽ የሚሆነው ክብደቱ በሙሉ ቁመት ስለሚከፋፈል ነው። የጋሪ ጭነት በአንድ ጠባብ ቦታ ሲያርፍበት ግን እንደ ወረቀት ይሳሳል። ስጨምቀው ደግሞ ላብ ተንጠባጠበ። ቆዳው ቀኑን ሙሉ በሙቅ ላብ ተዘፍዝፎ ውሏል ማለት ነው። የራሰ ቆዳ ቶሎ ይላጣል።

ሌላም ነገር ነበር። ውፍረቱ ኮርቻውን ከፍ ስላደረገው ግራና ቀኝ መወዛወዝ ጀመረ። ባለቤቱ እንዳይንሸራተት የሆድ ማሰሪያውን እስከ መጨረሻው ቀዳዳ አጠበቀው። ለማለስለስ የገባው ነገር ጭራሽ ማጥበቂያ ሆነ።

ይህ ነገር በትንሽ እንስሳ ላይ ይብሳል። በውጭ አገር ለጋሪ የሚያሠለጥኗቸው ድንክ ፈረሶች አሉ። በአሜሪካ ማኅበራቸው ደንብ ቁመታቸው ከ86 ሳንቲ ሜትር ገደማ አይበልጥም። በዚያ ገላ ላይ የሁለት ጣት ውፍረት ሲጨመር ማሰሪያው ሁሉ ቦታውን ይለቃል። ትልቅ ፈረስ ላይ የማይታወቅ ጭማሪ እነሱ ላይ ሌላ ዕቃ ያህል ነው። ዳማም ትንሽ ፈረስ ስለሆነ ነገሩ ይነካዋል።

ሁለተኛው ሙከራ፦ የእኔ ስህተት

ስፖንጁን አስጣልኩት። በምትኩ ጠንከር ያለ የተደራረበ ጨርቅ አስደረግሁና ቁስሉ ያለበትን ቦታ በምላጭ በክብ ቀደድኩት። ቀዳዳው ቁስሉን ከመነካት ያድነዋል ብዬ ነው። ብዙ ባለሙያ ይህን ያደርጋል፤ እኔም ሲደረግ አይቼ ነው የተማርኩት።

በስድስተኛው ቀን ቁስሉ ዙሪያውን እንደ ቀለበት አብጦ አገኘሁት። መሀሉ ላይ የነበረው ክብደት አልጠፋም፤ ወደ ቀዳዳው ጠርዝ ሄደ እንጂ። ጠርዙ ደግሞ ጠባብ ነው። ፈረሱ እጄን ሲያይ ጀርባውን ዝቅ አድርጎ ሸሸኝ። ያን ቀን ለባለቤቱ «ይሄ ከእኔ ነው፤ ፈረሱ ማረፍ አለበት» አልኩት።

ማረፍ ማለት ገቢ ማቆም ነው፤ ቀላል ቃል አይደለም። መፍትሔውን ያመጣው ራሱ ነው። ከጎረቤቱ ባለ ጋሪ ጋር ተነጋገረና ሦስት ሳምንት ጫኝና አውራጅ ሆኖ አብሮት ሠራ። ገቢው ቀነሰ፤ ቤቱ ግን አልተራበም።

በዚህ ጊዜ ቁስሉን ያጠብነው በጨው ውሃ ብቻ ነበር። ግማሽ ሊትር ውሃ አፍልቶ ማቀዝቀዝ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው መጨመር፣ በንጹሕ ጨርቅ ቀስ ብሎ ማጠብ። የተቃጠለ ዘይት ዝንብ ያባርር ይሆናል። ያልዳነ ሥጋ ላይ ግን ይቆረቁራል፤ ቆሻሻም ይይዛል። ፈረስ ደግሞ በቁስል በኩል ለሚገባው መንጋጋ ቆልፍ ከብዙ እንስሳት ይበልጥ የተጋለጠ ነው። ይህን ስነግረው የዘይቱን ጠርሙስ እዚያው ደፋው።

ጀርባው የነገረን

ፈረሱ ከማረፉ በፊት በመጨረሻው ቀን አንድ ነገር አስተውዬ ነበር። ዕቃው ሲወርድለት ጀርባው በሙሉ በላብ ርሷል። ከጫንቃው በስተግራ ግን የእጅ መዳፍ የሚያህል ቦታ ደረቅ ነበር። ባለቤቱ «እዚህ ጋ ደህና ነው፤ አላላበውም» አለኝ።

ነገሩ ተቃራኒው ነው። ሁሉም ሲያልብ አንድ ቦታ ደረቅ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ከመጠን በላይ ተጭኗል ማለት ነው። የላብ ዕጢዎቹ መሥራት አቅቷቸዋል። ነገ የሚቆስለው እሱ ነው። ፀጉሩ ተጎንጉኖና ተንጨባሮ የሚታይበት ቦታ ደግሞ ዕቃው ወዲያ ወዲህ እያለ የሚፈትገው ነው። አንዱ ጭነት፣ ሌላው ፍትጊያ ነው። መድኃኒታቸው አንድ አይደለም። ዳማ ጀርባው ላይ ጭነት፣ ደረቱ ላይ ፍትጊያ ነበረበት። እኛ ለሁለቱም «ለስላሳ ጨምር» ነበር የምንለው።

ሚዛኑ

ፈረሱ ሲያርፍ ጋሪውን ለብቻው አየነው። እንደ ልማዱ ስድስት ከረጢት ሲሚንቶ ጫንበት፤ 3 ኩንታል ነው። ፈረሱ መሀላቸው የሚቆምባቸውን ሁለት እንጨቶች ባለቤቱና ጎረቤቱ ይዘው ቀጥ አደረጓቸው። ጎረቤቱ ወዲያው «ይሄ'ኮ ከባድ ነው!» አለ። ከአንድ እህል ነጋዴ የሚንጠለጠል ሚዛን ተውሰን ኮርቻው የሚያርፍበት ቦታ ላይ ሰቀልነው። 46 ኪሎ አነበበ።

ያ 46 ኪሎ ነው ቀኑን ሙሉ በዚያች ጠባብ ድልዳል በኩል ዳማ ጀርባ ላይ የሚያርፈው። ያውም ጋሪው ቆሞ ነው። ኮብልስቶኑ ላይ ሲንገጫገጭ እያንዳንዷ ግጭት ትጨምርበታለች።

ከረጢቶቹን በሙሉ አንድ ስንዝር፣ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ገፋናቸው። ሚዛኑ ወደ 13 ወረደ። ሦስታችንም ዝም ብለን ተያየን። ባለቤቱ በእጁ ደጋግሞ አነሣው። ከዚያ ቀስ ብሎ «ሁለት ዓመት» አለ። ወለሉን ወደ ፊት ካስረዘመ ሁለት ዓመቱ ነበር።

ወደ ዜሮ ማውረድም ልክ አይደለም። ጭነቱ ከጎማው ወደ ኋላ ካለፈ እንጨቶቹ ወደ ላይ ይነሣሉ፤ የሆድ ማሰሪያው ፈረሱን ከሥር ይቆርጠዋል። ዳገት ላይ ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ 13 ኪሎው ላይ ተውነው። ወለሉ ላይ በቀይ ቀለም መስመር አሰመርን። ከመስመሩ ፊት ዕቃ እንዳያልፍ አንድ አጭር አግዳሚ እንጨት መታንበት። ከሁሉም በላይ የጠቀመን ይህ ነው። ወጪው ጥቂት ምስማርና የተረፈ ቀለም ብቻ ነበር።

ሦስተኛው ድልዳል

ኮርቻ የሚሰፉ አንድ ሽማግሌ ደሴ ገበያ ውስጥ አሉ። ፈረሱን ሐረጎን አስወጥተን መውሰድ ስላልቻልን የጀርባውን ቅርጽ ይዘን ሄድን። ወፍራም ግን በእጅ የሚታጠፍ ሽቦ ጀርባው ላይ አጋድመን በጣታችን ተጫንነው። ቅርጹን እንደያዘ አንሥተን ካርቶን ላይ በእስክርቢቶ ገለበጥነው። ከጫንቃው፣ ከመሀሉና ከኋላው ሦስት ጊዜ።

ሽማግሌው ካርቶኑን አገላብጠው አዩት። ባለቤቱ «አባባ፣ ወፍራም ቢሆን ይሻላል ብዬ ነበር» አላቸው። ወስፌያቸውን አስቀመጡና «ልጄ፣ መጀመሪያ ለአጥንቱ መንገድ ስጠው። ድልዳል ሥጋ ላይ ነው የሚተኛው። ውፍረቱን ኋላ እናወራለን፤ አብሽር» አሉት።

የሰፉት አንድ ትራስ አይደለም፤ ሁለት ነው። እያንዳንዱ 35 በ14 ሳንቲ ሜትር ነው። በመሀላቸው አራት ጣት የሚያሳልፍ ክፍተት አለ። አከርካሪው በዚያ ክፍተት ሥር ምንም ሳይነካው ይሄዳል። ከላይ ሸራ ነው። ከቆዳው ጋር የሚገናኘው አሮጌ ባና ነው፤ ስፌቱ በሙሉ ወደ ጎን ወጥቷል። ውስጡ የስንዴ ጭድ ነው። ጭዱን በእንጨት እየጠቀጠቁ ነው የሞሉት። በአውራ ጣት ሲጫኑት ትንሽ ብቻ ይሰረጉዳል። ጭድ ጥቂት ቀን ሲሠራበት የፈረሱን ጀርባ ቅርጽ ይይዛል፤ እንደ ስፖንጅ ግን አይከዳም። ባናው የበግ ፀጉር ነው። የበግ ፀጉር የክብደቱን ሲሶ ያህል እርጥበት ይዞም ሲነካ እርጥብ አይመስልም። ለኮምቦልቻ ሙቀት ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

ፈረሱ ላይ ከማሰራችን በፊት በድልዳሉ ሥር ነጭ አቡጀዲ አነጠፍንና ግማሽ ሰዓት ያህል በቀላል ጭነት ሄደ። ጨርቁን ስናነሣ የአቧራና የላብ አሻራ ታትሞበታል። መሀሉ ላይ ንጹሕ ነጭ መንገድ ነበረ፤ አከርካሪው አልተነካም። የቀኙ አሻራ ግን ከግራው ይጠቁራል። ድልዳሉን ልናስተካክል ስንል ጎረቤቱ የጋሪውን ጎማዎች በእግሩ መታ መታ አደረጋቸው። የቀኙ ነፋስ ጎድሎታል። ጋሪው ሁሌም ወደ ቀኝ ያዘነብል ነበር። ጎማው ተነፍቶ ሁለተኛውን ጨርቅ ስናይ ሁለቱ አሻራዎች ተመሳስለዋል።

ደረቱ

የደረቱን ቀበቶ 9 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው ቆዳ ቀየርነው። ቦታው ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ከፍ ካለ ትንፋሹን ያንቀዋል። ዝቅ ካለ የትከሻውን መጋጠሚያ ይይዝና እርምጃውን ያሳጥረዋል። በሁለቱ መሀል የሚያርፍበት ቦታ ጠባብ ነው፤ ፈረሱ አንገቱን ቀና አድርጎ ሲቆምም ሲጎትትም ማየት ይገባል።

ፍትጊያው የሚመጣው ግን ከሌላ ቦታ ነበር። ቀበቶው በገመድ ከጋሪው ጋር ግራና ቀኝ ድርቅ ብሎ ታስሯል። ፈረስ ሲራመድ ትከሻው ተራ በተራ ወደ ፊት ይሄዳል፤ ቀበቶው አብሮት ስለማይሄድ ቆዳውን ይፈትገዋል። አንድ በያጅ መሀሉ ላይ በብሎን የሚሽከረከር አጭር የብረት ዘንግ ሠራልን። ሁለቱ ገመዶች ከዘንጉ ጫፎች ታሰሩ። አሁን ትከሻው ሲሄድ ዘንጉ ወዲያ ወዲህ ይላል፤ ቀበቶው ደረቱ ላይ እንደተቀመጠ ይቀራል።

ያልሠራው

ቀበቶውን በአጎዛ አልብሰነው ነበር። አዲስ እያለ ሲዳስሱት ደስ ይላል። በሁለት ሳምንት ውስጥ ፀጉሩ ከላብና ከአቧራ ጋር ተጋግሮ እንደ ብሩሽ ደረቀ። ማጠብ ይቻላል፤ ግን ለመድረቅ ሁለት ቀን ይፈልጋል፤ ባለ ጋሪ ሁለት ቀን የለውም። በምትኩ ከባና ሁለት እጀታ መሳይ ልባሶች አሰፋን። አንዱ ሲሠራ አንዱ ይታጠባል።

ጭዱም ያለ ጣጣ አልቀረም። መጋቢት ላይ የበልግ ዝናብ ሲመጣ ራሰ፣ ሻገተ፣ ተጓጎለ። በግራ በኩል ፀጉር መላጥ ሲጀምር ያወቅነው በእጅ ዳሰሳ ነው። ሽማግሌው ጎኑን ከፍተው በጠፍር የሚታሰር አደረጉት። አሁን ባለቤቱ ራሱ አውጥቶ ይሞላዋል። ማታ ማታ ወጥ ቤት ይሰቅለዋል። ላዩን በላስቲክ ይሸፍነዋል፤ ከቆዳው በኩል ግን ላስቲክ አይገባም።

ግንቦት ላይ ደግሞ ረዳቱ ረጃጅም አጣና ጫነ። ከመስመሩ ኋላ ነው የጀመረው፤ ጫፉ ግን ከፈረሱ ጎን እስኪያልፍ ወደ ፊት ወጥቷል። ሚዛኑ በአንድ ቀን ተመለሰ፤ የድሮው ጠባሳ ቀላ። ለረጅም ዕቃ መስመሩ አይበቃም። የዕቃው ርዝመት እኩሌታ ጎማው አናት ላይ መዋል አለበት። ይህን ቀድሜ መናገር ነበረብኝ።

ለሌላ ፈረስ የሚሆነው

አሁን ገጣባ ያለበት ፈረስ ሲመጣ መጀመሪያ የማየው ጋሪውን ነው። ጭኑበትና እንጨቶቹን አንሡ እላለሁ። ሁለት ሰው ከከበደው ምንም ዓይነት ድልዳል አያድነውም።

ቀጥሎ ቁስሉ አጥንት ላይ ነው ወይስ ሥጋ ላይ ብዬ አያለሁ። አጥንት ላይ ከሆነ የጎደለው ክፍተት ነው እንጂ ልስላሴ አይደለም። ቁስል ዙሪያ ድልዳል መብሳትን ትቻለሁ። ቁስል ካለ ፈረሱ ያርፋል፤ ለባለቤቱ የሦስት ሳምንት እንጀራ ከየት እንደሚመጣ ደግሞ አብሬው አስባለሁ። ይህ ሳይታሰብ «አሳርፈው» ብሎ መሄድ ምክር አይደለም።

ድልዳል የሚሠራበት ዕቃ ሲመረጥ ከሁለት ነገር ተነሡ፦ ተጭኖ ምን ያህል ውፍረት ይቀረዋል? ላቡን የት ይወስደዋል? ስፖንጅ በሁለቱም ወድቋል። ማዳበሪያ ከረጢት በሁለተኛው ወድቋል። ባናና ጭድ በሁለቱም አልፈዋል፤ ግን እንክብካቤ ይፈልጋሉ። ድልዳል ሲጨመር ወይም ሲቀነስ ማሰሪያው ሁሉ እንደገና ይለካ።

አሁን

የዳማ ጀርባ ሚያዝያ አጋማሽ ላይ ገጥሟል። ነጩ ፀጉር አልጠፋም፤ አይጠፋምም። ባለቤቱ ማታ ዕቃውን ሲያወርድለት መዳፉን ዘርግቶ ጀርባውን በሙሉ ይዳስሰዋል፤ ደረቅ ቦታ፣ ሙቅ ቦታ፣ እብጠት ይፈልጋል። ዳማ መጀመሪያ ሰሞን ይሸሸው ነበር። አሁን ጆሮውን ጥሎ ይቆምለታል።

ጎረቤቱ ቀዩን መስመር አይቶ የራሱ ጋሪ ላይ እዚያው ቦታ አሰመረ። የእሱ ጎማ ግን የተገጠመው ይበልጥ ወደ ኋላ ነው፤ መስመሩ አልሠራለትም። ባለፈው እሑድ ሚዛኑን እንደገና ተውሰን፣ ስድስት ከረጢት ጭነን፣ የእሱን መስመር ለብቻው ፈለግን። ከዳማው አንድ ክንድ ከስንዝር ወደ ኋላ ወጣ።